ጥቆማ፦ ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከስላቅ መጻሕፍት ለመማር የቱ ይቅደም?

ጂአርኢ ለተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጁ የቃላት ዝርዝር መሸምደድ የታከታቸው ሰዎች የስላቅ መጽሐፍ ጠቁሙን ሲሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ነው። መጽሐፉ ግሩም ቢሆንም ለዚህ ዓላማ አልመርጠውም፤ ኦርዌል ሆን ብሎ በቀላል ቃላት ስለጻፈው አንባቢው ጨርሶ ሲዘጋው ያገኘው አዲስ ቃል ጥቂት ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ስኩዊለር የተባለው አፈ ጮሌ አሳማ የእንስሳቱ ቀለብ ሲቀነስ «ሪዳክሽን» ማለቱን ትቶ «ሪአጀስትመንት» ይላል። «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል ማስታወቂያ ለለመደ ሰው ይህ መዝገበ ቃላት አያሻውም።

እኔ የማስቀድመው በ1759 የታተመውን የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሰላስ» ነው። ታሪኩ በአምሐራ ምድር፣ በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ በድሎት የሚኖር የአቢሲንያ ልዑል ደስታን ፍለጋ ወጥቶ የሚያየውን ይተርካል። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላያትም፤ ይሁንና የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ በ1735 አሳትሞ ነበር። ስላቁ ለስለስ ያለ ነው፤ ስሜትን በአእምሮ ስለመግዛት ሲያስተምር የነበረው ፈላስፋ ልጁ በሞተችበት ማግስት ያ ሁሉ ትምህርቱ ሳይጠቅመው ሲቀር ማንበብ በቂ ማሳያ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ክሬዱሊቲ» የሚል ቃል ይዟል። «የሰሙትን ሁሉ የማመን ጠባይ» ብሎ መሸምደድ ይቻላል፤ ነገር ግን ጆንሰን የምናባቸውን ሹክሹክታ በክሬዱሊቲ የሚያደምጡትን ሰዎች ጠርቶ ታሪኩን ስሙ ሲላቸው፣ ቃሉ የዋህነትንና ወቀሳን አጣምሮ እንደያዘ ይገባናል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታልና ትርጉሙን ያገኘ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነብ ብዙ ያተርፋል።

የጆናታን ስዊፍት «የጉሊቨር ጉዞዎች» (1726) ቀጥሎ ይምጣ። እዚህ ላይ የስልክ መዝገበ ቃላት ያሳስታል፤ በዚያ ዘመን «ዲስከቨር» ብዙ ጊዜ መግለጥ፣ «ዋንት» ደግሞ ማጣት ማለት ነበርና። በመሆኑም ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው ድረ ገጽ በነጻ የሚሰጠው ቅጂ በደካማ ኢንተርኔትም በቀላሉ የሚወርድ ቢሆንም፣ ገንዘቡ ያለው ሰው ማብራሪያ ያለውን የኦክስፎርድ ወርልድስ ክላሲክስ ወይም የፔንግዊን ክላሲክስ እትም ቢገዛ ይሻለዋል። አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ ደግሞ አራቱም ክፍሎች መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ እኔ አንድ ጊዜ ተደስቼ ገዝቼ የገባሁት ለልጆች ተብሎ ያጠረ ሆኖ፣ ፈረሶች አገር የሚያስተዳድሩበት ምርጡ ክፍል ጨርሶ አልነበረበትም። ጊዜ የሌለው በጥቂት ገጾች የሚያልቀውን የዚሁ የስዊፍትን «ኤ ሞደስት ፕሮፖዛል» (1729) ያንብብ፤ «ትሑት ሐሳብ» ተብሎ የሚቀርበው የድሆችን ልጆች መብላት ነውና ርእሱ ራሱ ምጸት ነው።

ለአነጋገር ሊብሪቮክስ የተባለው ድረ ገጽ በድምፅ የተነበቡ መጻሕፍትን በነጻ ያስደምጣል፤ አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው ጥራቱ ይለያያል። ቃላቱን ለመከለስ አንኪ የተባለው የመከለሻ ካርድ መተግበሪያ ይበቃል፤ በአንድሮይድ ነጻ ሲሆን በአይፎን ግን ይከፈልበታል። በካርዱ ላይ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።

የአምብሮስ ቢርስን «ዘ ዴቪልስ ዲክሽነሪ» (1911) ለመጨረሻ ያቆዩት። «ኢጎቲስት»ን «ከእኔ ይልቅ ስለ ራሱ የሚያስብ፣ ምርጫ የማያውቅ ሰው» ብሎ ሲፈታው የሚስቀው የቃሉን እውነተኛ ፍቺ አስቀድሞ ያወቀ ብቻ ነው።