ልጄ ቲቪ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው፤ ስንት ሰዓት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?

የልደታዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ? የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 3። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለምንውል ከልጆቹ ጋር የምትውለው እማዬ ናት። ልጁ 9፡30 ከትምህርት ቤት ይመጣል። ቦርሳውን ሳያወርድ ሪሞት ፍለጋ። መጀመሪያ ካርቱን፣ ከዚያ ከእማዬ ጋር ተከታታይ ድራማ፣ ማታ ደግሞ ከአባቱ ጋር ኳስ። 4፡30 ካልሆነ አይተኛም። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩት፤ 6 ሰዓት ከሩብ! ስጠራው አይሰማኝም፤ ትከሻውን ስነካው ነው ብድግ የሚለው። አንድ ቀን ሪሞቱን ብደብቀው ያኮረፈችው እማዬ ሆነች። ልኩ ስንት ነው? እሷንስ ሳላስቀይም እንዴት ላድርግ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ ለትንሿ መልሱ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት የሚቀመጠው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰም የተሻለ ነው ይላል። ሞባይሉም ይቆጠራል! ቲቪውን አጥፍቶ ስልክ የሚያቀብል ወላጅ ብዙ ነው።

ለ7 ዓመቱ ልጅ እንዲህ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ድሮ "2 ሰዓት" ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ያንን ትቶ፣ እንቅልፉንና እንቅስቃሴውን እንዳይሻማበት ገደብ አብጁለት አለ። ስለዚህ ከእንቅልፉ ጀምሪ። በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12፡30 የምትቀሰቅሺው ከሆነ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ነበረበት። የአንቺ ልጅ የሚያገኘው 8 ብቻ ነው። በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ደግሞ ይሩጥ፣ ይዝለል። ይሄ ሁሉ ከተሟላ፣ የቤት ሥራውም ከተሠራ፣ ለቲቪ የሚተርፈው ራሱ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቲቪው ጠፍቶም ስትጠሪው የማይሰማ ከሆነ ጆሮውን አስመርምሪው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
አይ እናንተ! እኛስ ቲቪ እያየን አይደል እንዴ ያደግነው? ምን ሆንን?

ጋሼ ፒያሳ፦
ወንድሜ፣ የኛ ቲቪ እኮ ማታ ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ነበር። ጎረቤት ቤት ጫማችንን አውልቀን፣ መሬት ላይ ተደርድረን ነው ያየነው። አባባ ተስፋዬን ለማየት ሳምንት ሙሉ እንጠብቅ ነበር። ጣቢያው ራሱ ይዘጋልን ስለነበር ማንም ሪሞት አልደበቀብንም። አሁን ዲሹ ሌሊቱንም አይዘጋም።

የካዛንቺሷ እናት፦
እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። እናትሽን ከሪሞቱ ጋር አታጣያቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውል ሰው ቲቪ ጓደኛ ነው። የሚወዱትን አንድ ድራማ ይምረጡ፣ ያ ሰዓት የሳቸው ይሁን፣ ማንም አይንካባቸው። እኔ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ምግብ ላይ ግን ቲቪ የለም፤ ለእንግዳም ቢሆን። ካርቱኑንም መሃል ላይ አታጥፊበት። "ይሄኛው ሲያልቅ" ብለሽ፣ ሲያልቅ ራሱ ያጥፋው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ ነው፣ አልዋሽሽም። የኔው በአራተኛው ቀን ወለል ላይ ተዘርሮ "ደበረኝ፣ ደበረኝ" ሲል ቆየና ከአልጋ ሥር የቆርኪ ክምር አወጣ። ቀዩን በአንድ ወገን፣ ቢጫውን በሌላ ደርድሮ፣ ሽንብራ ኳስ አድርጎ እስከ ራት ተጫወተ። ሽንብራዋን እስካሁን ምንጣፍ ሥር አገኛታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው፤ የልጆች ክፍል አለው፣ መግቢያ አይከፈልም።

ዝም ያለው፦
አባትየውን ማንም አላነሳውም? ልጁን የሚያስመሸው ኳሱ እኮ ነው።

የልደታዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬን ማታውኑ ጠየቅኳት። የ3 ሰዓቱን ድራማ መረጠች፤ ልጁ ያን ጊዜ ይተኛል ማለት ነው። "ቀን ላይ የምከፍተው ድምፅ እንዲሰማኝ ብዬ እንጂ መች አየዋለሁ" አለችኝ። ሬዲዮ ልገዛላት ነው። ባለቤቴ ግን "ከእሁድ ጀምሮ" ብሏል። ቅዳሜ ጨዋታ አለው።