የስቴት ተወካያችን የላከችው ደብዳቤ፦ የትኛው ሕግ ሆኗል፣ የትኛው ገና ነው?

የጠዋት ሺፍት

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ያላችሁ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። የስቴት ምክር ቤት ተወካያችን በየጊዜው በኢሜይል ረጅም ደብዳቤ ትልካለች። እስከ ዛሬ ሳልከፍተው ነበር የማጠፋው። አሁን ግን ከጃንዋሪ ወዲህ ቼኬ ላይ አዲስ ተቀናሽ ስላየሁ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንብቤ ደግሞ ይብስ ግራ ገባኝ።

ክፍያ ያለው የሕክምናና የቤተሰብ ፈቃድ ተጀምሯል ይላል። ስለ ተከራዮች መብት ይላል። ቀጥሎ ቤት ለቤት አዛውንት ለሚንከባከቡ ሠራተኞች ደሞዝ የሚያሻሽል ረቂቅ አቅርቤያለሁ ትላለች፣ እሱ እንግዲህ እኔን የሚመለከት ነው። ከዚያ መንገድ ሊጠገን ነው፣ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ ከነዋሪው ጋር እንወያያለን፣ ተማሪዎች ካፒቶልን ጎበኙ፣ ፎቶ፣ ፎቶ፣ አሁንም ፎቶ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ደስታ ስለተጻፈ ያለቀውን ካላለቀው መለየት አቃተኝ።

ከቼኬ የሚቆረጠው እውነት ለዚህ ፈቃድ ነው ወይስ ቀጣሪዬ ያመጣው ነገር? እናቴ በቅርቡ ቀዶ ጥገና አለባት፣ ፈቃዱን ለሷ ልወስደው እችላለሁ? የወንድሜ የግሪን ካርድ ማመልከቻም ከተንጠለጠለ ቆይቷል፣ ለዚህች ሴትዮ ብጽፍላት ታግዘኛለች? ዜጋ አይደለሁም፣ አልመረጥኳትም። መልስስ ትሰጣለች?

የካፒቶል ጎረቤት

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ሁለት ነገር ፈልጊበት። አገረ ገዢው ፈርሞበታል ወይ? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው? ሁለቱ ካልተጻፉ ጉዳዩ ገና መንገድ ላይ ነው ብለሽ ያዢው።

መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ረቂቁ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በታችኛው ምክር ቤት ከሆነ ከቁጥሩ በፊት ኤችኤፍ፣ በሴኔት ከሆነ ኤስኤፍ የሚል አለው። ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ አብዛኛውም እዚያው ነው የሚቀረው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አጀንዳ ውስጥ ካላስገባው ማንም ሳያየው ጉባኤው ያልቃል። ከኮሚቴ ከወጣ በታችኛው ምክር ቤት ከ134 አባላት 68 ድምፅ፣ በሴኔት ከ67ቱ 34 ድምፅ ማግኘት አለበት፤ ሁለቱ ቤቶች ያጸደቁት ጽሑፍም አንድ ዓይነት ካልሆነ ተመልሶ መስማማት ግድ ነው። ይሄ ሁሉ አልፎ ነው አገረ ገዢው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው። በ2024ቱ ምርጫ ደግሞ ታችኛው ምክር ቤት 67 ለ67 እኩል ተከፍሎ ስለወጣ ከሌላው ፓርቲ ቢያንስ አንድ ሰው ሳያገኙ ማንም ብቻውን ምንም አያሳልፍም።

ስለዚህ ረቂቅ አቅርቤያለሁ ማለቷ ውሸት አይደለም። ግን ላንቺ ኪስ ለጊዜው ላም አለኝ በሰማይ ነው። በየጉባኤው በሺዎች የሚቆጠር ረቂቅ ይገባል።

የረቂቁ ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ ካለ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው። እያንዳንዱ እርምጃ ከነቀኑ ተዘርዝሮ ይወጣል። ኮሚቴ ተመራ ከሚለው መስመር በኋላ ባዶ ከሆነ ተኝቷል ማለት ነው። አብረው የፈረሙትን ስሞችም እያቸው፤ ከሁለቱም ፓርቲ ሰው ካለበት አንድ ነገር ነው። ሴኔት ውስጥ መንትያ ረቂቅ (ተመሳሳዩ ጽሑፍ) አለው ወይ የሚለውንም እዚያው ታገኚዋለሽ፣ መንትያ ከሌለው ብዙ ተስፋ አታድርጊበት። ባለፈው ዓመት ያላለፈ ረቂቅ ወዲያው አይሞትም፣ ጉባኤው የሁለት ዓመት ስለሆነ ከጎዶሎው ዓመት (እንደ 2025) ወደ ሙሉው (እንደ 2026) ይሻገራል። ሙሉው ዓመት ሲያልቅ ግን ያበቃለታል፣ ከዜሮ መጀመር ነው።

ሌላው፣ የተፈረመም ቢሆን በማግሥቱ አይጀምርም። ሕጉ ራሱ ሌላ ቀን ካልጻፈ በስተቀር የበጀት ነገር ጁላይ 1፣ ሌላው ኦገስት 1 ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ሰው ሜይ ላይ ዜናውን ሰምቶ ጁን ላይ አሠሪው ጋ ሄዶ የሚጣላው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ክፍል

የደሞዝ ሥራ ስለምሠራ የቼኩን ነገር ለኔ ተዉት።

አዎ፣ ተቀናሹ እውነት ነው፣ ቀጣሪሽ አልፈጠረውም። የፈቃዱ ሕግ የወጣው በ2023 ነው፣ ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2026። መዋጮው ከደሞዝ 0.88 በመቶ ነው፤ ቀጣሪው ቢያንስ ግማሹን መክፈል ስላለበት ካንቺ የሚቆረጠው ከ0.44 በመቶ መብለጥ የለበትም። ታክስ ሳይነሳ 1,600 ዶላር የሚከፈልበት ቼክ ከሆነ 7 ዶላር ከ4 ሳንቲም ማለት ነው። ካልኩሌተር አውጥተሽ አስይው። ከዚያ በላይ ከተቆረጠ ጠይቂ። እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ሙሉውን 0.88 ከሠራተኛው ላይ ሲያነሱ ከርመው አንዲት ልጅ ጠይቃ ነው የመለሱት፣ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

እናትሽን በተመለከተ፣ ወላጅ በግልጽ ይካተታል። አማትም፣ አያትም፣ እህት ወንድምም እንደዚያው። ሕመሙ ግን ከባድ የሚባል ሆኖ የጤና ባለሙያ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት፣ በጥቅሉም ቢያንስ ሰባት ቀን የሚዘልቅ መሆን አለበት። ለራስ ሕመም እስከ 12 ሳምንት፣ ለቤተሰብ እስከ 12 ሳምንት ይገኛል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ከገጠሙሽ ድምሩ ከ20 አያልፍም። ክፍያው የደሞዝሽን ሙሉ አይደለም፤ ደሞዙ ዝቅ ያለ ሰው እስከ 90 በመቶ ይደርስለታል፣ ከፍ ያለው በመቶኛ እየቀነሰ ይሄዳል።

አሁን ሰው የሚሳሳትበትን ስሚኝ። ማመልከቻውን የምታስገቢው ለስቴቱ ነው፣ ለማናጀርሽ አይደለም (ቀጣሪሽ በግል ኢንሹራንስ የራሱን ፕላን ካልያዘ በቀር)። ለማናጀርሽ የምትነግሪው በሥራ ፕሮግራም እንዲያውቅ ነው፣ የቀዶ ጥገናው ቀን አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት። በጽሑፍ አድርጊው። እዚያ መሥሪያ ቤት 90 ቀን ከሞላሽ ስትመለሺ ቦታሽን ወይም እኩያውን የመመለስ ግዴታ አለባቸው።

ይሄን ከሌላው ጋር አታምታቺው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ያለው የሕመም ሰዓት ለብቻው ነው፣ በየ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሚጠራቀመው፣ በዓመት እስከ 48 ሰዓት። ያንን የሚከፍልሽ ቀጣሪሽ ነው። ልጅ ትኩሳት ይዞት አንድ ቀን ስትቀሪ ያኛው፣ እናት ቀዶ ጥገና ሲኖራት ይሄኛው።

ባለ ታክሲው

እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እነዚህን ደብዳቤዎች እንደ ምርጫ ቅስቀሳ ነው የማያቸው። የታችኛው ምክር ቤት ሰዎች በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፣ መጻፍ አለባቸው። ኡበርና ሊፍት የምንነዳው ልጆች በ2023 ምን እንደደረሰብን ታስታውሳላችሁ። የሾፌሮች ሕግ በሁለቱም ቤት አለፈ ተባለ፣ ኢሜይሉ ጎረፈ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባባልን። ሜይ መጨረሻ ላይ አገረ ገዢ ዎልዝ ውድቅ አደረገው። ሥልጣን ከያዘ የመጀመሪያው ቬቶ ነበር። የካፒቶል ጎረቤት ፊርማውን እዩ የሚለው ወዶ አይደለም።

በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ያኔ ሚኒያፖሊስ ከተማ በራሱ ታሪፍ ሊያወጣ ሲል ኩባንያዎቹ ጥለን እንወጣለን ብለው አገሩን ቀወጡት፣ መጨረሻ ላይ የስቴቱ ሕግ ወጣና የከተማውን ተካው። አሁን የሚሠራው ታሪፍ እሱ ነው፤ ተሳፋሪ ይዘህ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። ተሳፋሪ ይዘህ የሚለውን አስምሩበት። ኤርፖርት ባዶ መኪና ውስጥ የምንጠብቀው ሰዓት አይቆጠርም። ደብዳቤው ላይ ይሄ አልነበረም፣ የማይሉ ዋጋው ብቻ በትልቁ ተጽፎ ነበር።

እና ሒሳብ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ። ይሄ የፈቃድ ነገር ለኛ ለሾፌሮች አለ ወይ?

ሒሳብ ክፍል

ወንድሜ፣ በራሱ አይመጣልህም። ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው በፈቃደኝነት መመዝገብ ይቻላል፣ መዋጮውን ግን ከራስህ ነው። ከመመዝገብህ በፊት ታክስ ላይ ያሳየኸውን የተጣራ ገቢ ተመልከት፣ ክፍያው የሚሰላው በሱ ነው። ወጪ አብዝታችሁ የምትጽፉ ሰዎች እዚህ ጋ ይነካችኋል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባለ ታክሲው

ገባኝ ገባኝ።

እሙ ሦስተኛ ፎቅ

የተከራዩን ነገር ማንም አልነካውም። እሱ ያለቀለት ሕግ ነው፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ኪራይ ስላልከፈልሽ አከራይሽ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ወረቀቱም ዝም ብሎ ውጪ የሚል አይደለም፣ ስንት ዕዳ እንዳለብሽ ዘርዝሮ፣ የገንዘብና የሕግ እርዳታ የት እንደሚገኝ መጻፍ አለበት። ወደ ቤት ለመግባት ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ደግሞ ማሞቂያውን አንቺ ካልተቆጣጠርሽው ቤቱ ቢያንስ 68 ፋራናይት መሆን አለበት። እኛ ሕንፃ ላይ ክረምቱን ግማሹን በጃኬት ነው የተቀመጥነው። ቴርሞሜትሩን ከነሰዓቱ ፎቶ እያነሳሁ ላኩባቸው፣ ከዚያ ነው ሰው የመጣው። አፍ ብቻውን አይሠራም፣ ፎቶ ያዙ።

የወንድምሽ የግሪን ካርድ ግን እህቴ፣ የስቴት ተወካይ እጅ ውስጥ የለም። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ነው። እሱን የምትወስጂው ዋሽንግተን ለሚቀመጡት ነው፣ ለኮንግረስ አባላችሁ ወይም ከሁለቱ የሚኒሶታ ሴናተሮች ለአንዱ። ቢሮአቸው እንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ሰው አለው። ወንድምሽ ራሱ የፈቃድ ቅጽ ይፈርማል፣ ያለ እሱ ፊርማ ስለ ፋይሉ መጠየቅ አይችሉም። እነሱም ውሳኔውን አያስቀይሩም፣ የት እንደቆመ ግን ጠይቀው ይነግሩሻል። አንዱን ቢሮ ብቻ ምረጪ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ብትጽፊ አንዱ በሌላው ላይ ይጥለዋል።

የስቴቷ ሴትዮ የምትጠቅምሽ በስቴት ነገር ነው። መንጃ ፈቃድ ከተጓተተ፣ የሥራ አጥ ክፍያ ከተያዘ፣ የስቴት ኢንሹራንስ ወረቀት ከጠፋ። እኔ የተያዘብኝን ወረቀት ለወራት ስደውልበት ስልክ የሚያነሳ አጥቼ፣ ተወካያችን ቢሮ ከጻፍኩ በኋላ ነው ከመሥሪያ ቤቱ ራሳቸው የደወሉልኝ። ዜግነት አይጠይቁም፣ አድራሻ ነው የሚጠይቁት። ዲስትሪክቱ ውስጥ ከኖርሽ የሷ ነዋሪ ነሽ።

የጠዋት ሺፍት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቼኩን አሰላሁት፣ ልክ ነው፣ በ0.44 ነው የቆረጡት። ለናቴ ሐኪም የሚፈረመውን ቅጽ ነገ እወስዳለሁ።

ለተወካይዋ ደወልኩ፣ ያነሳው ረዳቷ ነው። ትሁት ልጅ ነው። ስሜንና አድራሻዬን ጠየቀኝ፣ የሚመለከትሽ ረቂቅ የትኛው ነው አለኝ፣ ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ አጥቼው ራሱ ፈልጎ ነገረኝ። ኮሚቴ ውስጥ ነው ያለው፣ ገና አልታየም አለ። ሲታይ መጥተሽ መናገር ትችያለሽ ሲለኝ ሳቅኩኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ምክር ቤት ፊት? ቅዳሜ ላይብረሪ ሄጄ ለሷ በቀጥታ ብነግራት አይሻልም?

የካፒቶል ጎረቤት

ሁለቱንም አድርጊው። ቅዳሜ ስትሄጂ ቀድመሽ ግቢ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ይከባታል። ስለ ደሞዝ በጠቅላላው አትንገሪያት፣ የአንድ ቀን ሥራሽን ንገሪያት። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ስንት ሰው ታነሺያለሽ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምትነጂበት ሰዓት ይከፈልሻል ወይስ አይከፈልሽም። እሱን ነው ኮሚቴ ውስጥ የምትደግመው።

ኮሚቴው ደግሞ እንደምታስቢው አይደለም። ጠባብ ክፍል ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ማይክ አለ፣ ስምሽን ትናገሪያለሽ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡሽ። ቀድመሽ ለኮሚቴው ጸሐፊ በኢሜይል ትመዘገቢያለሽ፣ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊም ያኔውኑ ጻፊላት፣ በዕለቱ ከጠየቅሽ አይደርስም። መምጣት ካልቻልሽ በጽሑፍ መላክም ይቻላል፣ ለአባላቱ ይታደላል።

ቁጥሩን እዚህ ለጥፊልኝ። መንትያው ሴኔት ውስጥ እንዳለ ማታ አይቼ እነግርሻለሁ።

እሙ ሦስተኛ ፎቅ

የቅዳሜው ስንት ሰዓት ነው? እኔም እመጣለሁ፣ የቴርሞሜትሩን ፎቶ ይዤ።