የድንግልና ወረቀት ፃፍልን ሲሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ጤና መኮንኑ (መንዝ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትላንት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ መጡ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ የሙሽራው ወገን ወሬ ሰምቶ ማስረጃ ይምጣ ብሏል። «ዶክተር፣ ንፁህ ናት ብለህ ማህተም ምታበት በቃ» አሉኝ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፣ የነጠላዋን ጥለት ስትጠቀልል ስትፈታ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነገ ኑ ብዬ ሰደድኳቸው። እምቢ ብል ሰርጉ ይፈርስና በሷ ይብሳል፣ ሳላያት «ድንግል ናት» ብዬ ብፅፍላትስ?

ሲስተር (ደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ እንዳትፅፍ! አንድ ባልደረባችን አዝኖ ለአንዷ ፃፈ፣ ወር ሳይሞላ ሌላ ሶስት ቤተሰብ «ለእገሌ ልጅ ፅፋችሁ የለ እንዴ» እያለ መጣ። ለአንዷ ከፃፍክ ወረቀት የሌላት ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነች ማለት ነው። ደሞስ ምን አይተህ ነው የምትፅፈው? ሃይመን (የድንግልና ምልክት የሚባለው በብልት በር ላይ ያለው ስስ ሽፋን) እንደየሰዉ ይለያያል፣ ግንኙነት ኖሯትም ምልክት ላይኖር ይችላል። ለዚህ እኮ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ከተመድ የሰብዓዊ መብት ቢሮና ከዩኤን ዊሜን (ከተመድ የሴቶች ድርጅት) ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ ጭራሽ ይቅር ያለው።

የጣርማበር ልጅ፦
ሐኪም አይደለሁም ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ታላቅ እህቴ ስትዳር ደም አልታየም ተብሎ ሚዜዎቹ «ብር አምባር ሰበረልዎ» ሳይሉ ቀሩ፣ እናቴ ሻሹን ስትጠብቅ በር ላይ ተቀምጣ ነጋባት። እህቴ ወንድ የሚባል አታውቅም ነበር። ደም ያላየች ሁሉ ውሸታም እንዳልሆነች ያኔ የነገረን ባለሙያ አልነበረም።

ዶክተሩ፦
ሲስተር ትክክል ናት። መጀመሪያ ልጅቷን ለብቻዋ አናግራት፣ አባቷ ፊት የምትለው እሺ ፈቃድ አይደለም። ትዳሩን ትፈልገዋለች ወይ? ተገዳ የደረሰባት ነገር አለ ወይ? ካለና 72 ሰዓት ካላለፈው የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒት ጀምርላት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም ከደረሰባት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጣት ይችላል፣ ፖሊስ ቢጠይቅህም የምትፅፈው ያየኸውን ጉዳትና የሰጠኸውን ህክምና ነው፣ ድንግልና የሚል ቃል እዛ ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ለአባትየው «ልጅዎ ለመመርመር አልፈቀደችም» እንዳትላቸው፣ ቤት ሲገቡ በሷ ነው የሚዞረው። «ይሄን በምርመራ ማወቅ አይቻልም፣ ማንም ሐኪም ቢፅፍልዎ ውሸት ነው» በላቸው፣ ጥፋቱን ህክምናው ይሸከመው።

ጤና መኮንኑ (መንዝ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ነገር ጭራሽ አላሰብኳትም ነበር፣ አልፈቀደችም ልላቸው ነበር እኮ። ነገ ከሚድዋይፏ ጋር ሆነን መጀመሪያ እሷን ብቻዋን እናስገባለን።