የከፍተኛ ሊግ ምድብ በቅርበት ይደልደል ወይስ በዕጣ?

ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግ ክለቦቹን በየምድቡ ሲከፍል በቅርበት ይሁን በዕጣ የሚለው ክርክር የተጀመረው ቅዳሜ ከሰዓት ለገሀር አካባቢ ቡና ላይ ነው። ዝናብ በተነን፤ ያልጨረስነውን እዚህ እንቀጥል ተባባልን። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ በየሰፈራችን ብንቀርም የምንጠራራው ያው ድሮ በምንቀመጥበት የስታዲየሙ ቦታ ስም ነው።

ካታንጋ፦ ቅዳሜ ላልነበራችሁ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ትሩሮ ሲቲ የሚባል ክለብ አለ፤ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የናሽናል ሊግን የደቡብ ምድብ አሸንፎ ወደ አምስተኛው እርከን አደገ፤ ከኮርንዋል እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ነው። አምስተኛው እርከን ግን ምድብ የለውም፤ ሰሜኑም ደቡቡም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ትሩሮ በሰሜን ካለው ጌትስሄድ ጋር ለመጫወት መሄጃው ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነበት። ከአዲስ አበባ ጎንደር ሄዶ፣ 90 ደቂቃ ተጫውቶ መመለስ በሉት።

ከዚያ በታች ግን እንግሊዞች ክለብን እንዲህ አያንከራትቱም። ስድስተኛው እርከን ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰባተኛው ለአራት፣ ስምንተኛው ለስምንት። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር መንገዱ ያጥራል። የውድድር ዓመቱ እንዳለቀ ፌዴሬሽኑ ያደገውንና የወረደውን ቆጥሮ በካርታ ይደለድላል፤ ድልድሉ ያልተስማማው ክለብ ይግባኝ ይላል። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ከፍተኛ ሊጉም ከሥሩ ያለው አንደኛ ሊጉም በቅርበት ይደልደል፣ ደንቡ ተጽፎ ይቀመጥ፣ ጨዋታውም ከተመረጡት ከተሞች ወደየክለቡ ሜዳ ይመለስ።

ሚስማር ተራ፦ ወንድሜ፣ ካርታው ፍትሐዊ የሚሆነው ጉልበት በካርታው ላይ እኩል ሲበተን ነው። እኛ ጋ ገንዘብ ያለው ክለብ የት ነው ያለው? አዲስ አበባና ዙሪያዋ። 2014 ዓ.ም.ን አስታውስ። ከሦስቱ ምድቦች አንደኛ ወጥተው ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ኢትዮጵያ መድንና ለገጣፎ ለገዳዲ ናቸው። በቅርበት ብትደለድላቸው ሦስቱም አንድ ምድብ ይገባሉ፤ አንዱ ያድጋል፣ ሁለቱ ይቀራሉ። መድን ደግሞ ካደገ በኋላ በ2017 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ነው። ንግድ ባንክን ተመልከት፤ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አደገ፣ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ከነዚህ አንዱን በጎረቤቱ ምክንያት ከታች ማስቀረት ለአገሪቱ እግር ኳስ ምን ይጠቅማል? ዕጣ ማንንም አያይም።

ዳፍ ትራክ፦ የጠራኸው ዓመት እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሦስት ቦታ ነበረ፣ ሦስቱንም ዋና ከተማዋና ደጃፏ ያለችው ለገጣፎ ወሰዱት። ነቀምት ወይም ደሴ ያለ ልጅ ያንን ዓመት ምን ብሎ ያስታውሰዋል? አዲስ አበቤዎቹ አንድ ምድብ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱ ቦታዎች ለሌላው ይቀሩ ነበር። ደመወዝ በሰዓቱ ከሚከፍል የመንግሥት ባንክ ጋር የአንዲት ወረዳ ከተማ ክለብ በአንድ ምድብ ገብቶ ለአንዲት ቦታ ይፋለም ማለት እኩልነት አይደለም።

ሚስማር ተራ፦ በጥንካሬ ያልመጣ ማደግ ደግሞ በዓመቱ ይመልስሃል። ሐምበሪቾ ዱራሜና ሻሸመኔ ከተማ ከንግድ ባንክ ጋር አብረው አድገው ምን እንደገጠማቸው አይተናል።

ዳፍ ትራክ፦ አይተናል፣ ወርደዋል። ዱራሜ ግን ፕሪሚየር ሊግ ገብታ ታውቃለች። ያንን የሚነጥቃት የለም።

ከማን አንሼ፦ እናንተ ስለ ዋንጫ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ስለ አውቶብስ ልናገር። ስሙን በማልጠራው ክለብ ሁለት የውድድር ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አሥር ክለብ ባለበት ምድብ ዘጠኝ ጊዜ ከሜዳ ውጪ ትወጣላችሁ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ 515 ገደማ። በደርሶ መልስ ልዩነቱ 480 ኪሎ ሜትር ነው። ዘጠኙም ጉዞ እንዲህ ሩቅ ቢሆንብኝ ከ4,300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ መንገድ ነው፤ የናፍጣውንም የአውቶብስ ኪራዩንም እዚያ ላይ ጨምሩ። ሐዋሳ ከሆነ አንድ ሌሊት አድረን እንመለሳለን። ድሬዳዋ ሲሆን ሁለት ሌሊት፣ በማታ መንገድ መሄድ ስለማይሞከር አንዳንዴ ሦስት። ተጫዋቹ፣ አሰልጣኙ፣ ቡድን መሪው፣ ወጌሻው፣ ሾፌሩ ሲደመር ወደ 25 ሰው ነው፤ አልጋውን፣ ምግቡንና ውሎ አበሉን በ25 አባዙት።

አንድ ጊዜ አዋሽ ላይ ለምሳ ስንወርድ ልጆቹ ከማዘዛቸው በፊት ፊቴን ያዩ ነበር። ደመወዛቸው ሁለት ወር ዘግይቷል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውም ለአልጋ የተያዘ ነው። በዚያ ጉዞ ተሸነፍን። አሰልጣኙ በታክቲክ ተወቀሰ።

ስለዚህ ካታንጋ ልክ ነው እላለሁ፣ ግን አንድ ነገር ዘሏል። ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መጫወት ተለምዷል። ፕሪሚየር ሊጉ በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሲዟዟር የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበረው። የታችኛው ሊግ የቴሌቪዥን ገንዘብ የለውም፤ ሳምንታት ሙሉ ሆቴል ይቀመጣል፣ የገዛ ሕዝቡም አያየውም። ጨዋታው እንዲህ እስከሆነ ድረስ በቅርበት ደለደልክ በዕጣ ለእኔ ሒሳብ ለውጡ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ሜዳው ወደ ክለቡ ይመለስ፣ ከዚያ ስለ ድልድሉ እንነጋገር።

ካታንጋ፦ እቀበላለሁ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ሜዳው የሚመለሰው መንገዱ ሲያጥር ብቻ ነው።

ጥላ ፎቅ፦ ልጆቼ፣ ትንሽ ታገሡኝና የድሮ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1958 ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሰሜን እና ሦስተኛ ዲቪዚዮን ደቡብ የሚባል ነበራት፤ ከእያንዳንዱ የሚያድገው አንድ ብቻ። ጫፍ ላይ ያለ ክለብ ቦታው አይነቃነቅም፤ ፕሊመዝ ሁልጊዜ ደቡብ ነው። መከራው የመሀል አገሩ ክለብ ነበር። ዋልሳል በ1921 ሰሜን ጀመረ፣ በ1927 ደቡብ ተላከ፣ በ1931 ሰሜን ተመለሰ፣ በ1936 እንደገና ደቡብ። ማንስፊልድም እንዲሁ ሲመላለስ ኖሯል። ጥፋት አልነበራቸውም፤ አንዱ ምድብ ሲጎድል የሚሞላው መሀል ላይ ካለው ነው። በመጨረሻ በ1958 የየምድቡ የላይኞቹ አንድ ላይ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ የታችኞቹ አራተኛ ዲቪዚዮን ሆኑ።

ይህን ያነሣሁት የእኛ ዋልሳል አዲስ አበባ ስለሆነች ነው። በጅማ፣ በነቀምት፣ በደሴ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ መንገድ መነሻው እዚሁ ነው። ለጅማው ምድብ የአዲስ አበባ ክለብ ቅርብ ነው፤ ለደሴውም ቅርብ ነው፤ ለሐዋሳውም እንዲሁ። «በቅርበት» ብላችሁ ብቻ ደንብ ብትጽፉ የጫፎቹ ክለቦች ጥያቄ ይመለሳል፤ የአዲስ አበባ ክለቦች ግን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዳሻው የሚያነሣና የሚጥላቸው ማሟያ ይሆናሉ። አሁን ሚስማር ተራ የፈራው አድልዎ በር የሚያገኘው እዚያ ጋ ነው። ዕጣ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። ጅማን፣ ነቀምትን፣ አርባ ምንጭን፣ ኮምቦልቻን በመንገድ ሰዓት ደልድሉ፤ በአየር መስመር አትለኩ፣ ገደልና በረሃ በአየር መስመር አይታይም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋን ክለቦች ደግሞ በአደባባይ በዕጣ ለየምድቡ አከፋፍሉ።

ዳፍ ትራክ፦ ጋሼ፣ ይሄ ልቤን አሳርፎታል። ግን ምድቦቹ እኩል ይሁኑ። ጀርመን አራተኛው እርከን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አምስት ምድብ ነው፤ ወደ ሦስተኛው የሚያድጉት አራት ናቸው። የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ አሸናፊ በየዓመቱ በቀጥታ ያድጋሉ፤ ከሰሜን፣ ከሰሜን ምሥራቅና ከባየርን ግዛት ምድቦች አንዱ በተራ ቀጥታ ሲያድግ ሁለቱ እርስ በርስ መለያ ይጫወታሉ። ዓመቱን ሙሉ አሸንፎ፣ ሻምፒዮን ተብሎ፣ በሁለት ጨዋታ እዚያው የሚቀር ክለብ አለ ማለት ነው። እኛ ምድብ ስንከፍል ከማደጊያው ቁጥር ጋር አብረን እንክፈል።

ሚስማር ተራ፦ ጋሼ፣ ስለ አዲስ አበባ ያሉትን ተቀብያለሁ። የሚከብደኝን ግን ልናገር፣ ማንም አይቀየመኝ። የጫፎቹን ክለቦች በቅርበት ስትደለድል ምድቡ በአንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ክልል ያለ ሰው ብቻ የሚገናኝበት ይሆናል። በ2010 አካባቢ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ እስኪወሰዱ ድረስ ምን እንደደረሰብን ሁላችን እናውቃለን። እኔ ካታንጋም ሚስማር ተራም ሆኜ ከሩቅ ከመጣ ደጋፊ ጋር ቆሎ ተካፍዬ አድጌያለሁ። የደሴ ልጅ አርባ ምንጭን፣ የዲላ ልጅ ነቀምትን በኳስ ካላያት በምን ያያታል?

ከማን አንሼ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፤ ሐሳቡ ግን ጭነቱን የሚጥለው በወር ጥቂት ሺህ ብር በሚከፈለው ልጅ ላይ ነው። ደግሞ አስተውል፤ አሁን በገለልተኛ ከተማ ሲጫወቱ ማን ማንን አየ? የደሴ ደጋፊ አርባ ምንጭ አልሄደም፣ የአርባ ምንጭም ደሴ አልመጣም። መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ሕዝብ ሚኒባስ ተከራይቶ ይከተላል። የጎረቤት ጨዋታ ቲኬት ይሸጣል፤ እኔ የሸጥኩትን አውቀዋለሁ። ከሩቅ መገናኘቱን ለማጠቃለያው እንተወው፤ የምድብ አሸናፊዎቹ በአንድ ከተማ ይገናኙ፣ አገር ይይ።

ካታንጋ፦ እንግዲህ የጋሼን እንያዝ፤ ዳር ያለው በመንገድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ በዕጣ። የሚቀረኝ አንድ ነው። በዕጣ ወደ ድሬዳዋው መስመር የወጣው የአዲስ አበባ ክለብ ሁሌ እዚያው ይቅር? ያ ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው።

ሚስማር ተራ፦ በየዓመቱ ይወጣላ! ዘንድሮ የከበደው በሚቀጥለው ይቀለዋል።

ከማን አንሼ፦ በየዓመቱ ይውጣ፣ ግን መቼ? አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። ዕጣው ከክረምት በኋላ ሲወጣ እኔ የጠየቅሁት ገንዘብ ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ሐዋሳ ብዬ ያቀድኩት ድሬዳዋ ቢሆን ከየት አመጣለሁ? ከተጫዋቹ ደመወዝ ነው። ያ አዋሽ ላይ የነገርኳችሁ ምሳ እንዲህ ነው የመጣው። እንግሊዞቹ ድልድላቸውን ግንቦት ላይ ነው የሚያሳውቁት። በቅርበትም ይሁን በዕጣ፣ እኔ የምጠይቀው ከሰኔ 30 በፊት ወረቀቱ በእጄ እንዲገባ ነው።