ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ርካሽ አልጋ ስይዝ ምን ልይ?

ሰላም የደብረ ብርሃን ልጆች። ማታ ደርሼ ንጋት ላይ ወደ ደሴ ስለምሳፈር ከመናኸሪያው መራቅ አልፈልግም። ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ክፍሉን ሳታዪ እንዳትከፍዪ። አንሶላውን ገልጠሽ የፍራሹን ስፌት በስልክ መብራት እዪው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለበት፣ ጥለሽ ውጪ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ዘግተሽ በሩን ሳብ ሳብ አድርጊ፤ ምስማሩ ከላላ ሌላ ክፍል ጠይቂ። ሥር መጠጥ ቤት ካለ የጓሮውን ክፍል ያዢ፣ አለዚያ እንቅልፍ የለም።

መልስ፦ እኔ ከሌባው ይልቅ ብርዱን እፈራልሻለሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሳትቀበዪ እንዳትከፍዪ (የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ መለመኑ ይገርማል!)። ከሰል ግን ክፍል ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቢ። በተዘጋ ክፍል የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንደተኛሽ ይገድላል፤ ፍሙ አመድ ቢለብስም ያው ነው።

መልስ፦ «ሙቅ ሻወር አለ» ካሉሽ ቧንቧውን ከፍተሽ እዪ። መታወቂያሽን ይመዝግቡ እንጂ አታስይዢ።

ጠያቂዋ፦ መቀርቀሪያ ያለው ክፍል ባይገኝስ?

መልስ፦ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አጥብቀሽ ምቺበት። ወደ ውጭ ከሆነ አይሠራም፣ ሌላ ቤት ፈልጊ።