በጠባብ በጀት ልጆችን ወደ አዲስ አበባ ፓርኮች ማድረስ፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ እናርቅቅ

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በተባለው መሠረት፣ የማኅበራችን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከጎንደር አዲስ አበባ የሚያደርጉትን የስድስት ቀን ጉዞ ሐሳብ እዚሁ እናርቅቅ። የተመዘገቡት 7 ቤተሰቦች ናቸው፤ 12 ዐዋቂና 14 ልጅ፣ በድምሩ 26 ሰው። ጊዜው የአጋማሽ ዓመት የትምህርት እረፍት ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ መኪናውም አልጋውም በእንግዳ ስለሚያዝ የኮንትራት ዋጋ ንቅንቅ አይልም፤ እሱ አልፎ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ብንሄድ ይሻላል። እስካሁን የተጠቆሙት አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክና አንድ የልጆች መጫወቻ ማዕከል ናቸው። ሙዚየም ይጨመር ያለም አለ። አስተያየታችሁን ስጡ፤ ረቂቁን እኔ እያስተካከልሁ እለጥፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከሁሉ በፊት የወጪው ጣራ ይቀመጥ። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ 24,000 ብር ብለን እንነሣ። ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ በሳምንት 1,200 ብር ቢጠራቀም በ20 ሳምንት ይሞላል። አከፋፈሉ፦ ለመኪና 14,000፣ ለአልጋ 4,000፣ ለምግብ 3,000፣ ለመግቢያና ለጨዋታ 1,800፣ ለመጠባበቂያ 1,200 ብር። ይህ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ እንዳናልፈው የምናበጀው ልክ ነው።

ሁላችሁም የምትጨነቁት ስለ ፓርኩ መግቢያ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ግን መንገዱ ነው። ስለዚህ ክርክራችን በመኪናውና በሌሊቶቹ ቁጥር ላይ ቢሆን ይሻለናል።

አባል (አዘዞ)፦
ታዲያ ለምን በአውሮፕላን አይታሰብም? ማረፊያው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከሄድን ከስድስቱ ቀን አራቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳብዎ ደግ ነው፤ ሒሳቡ ግን እምቢ ይላል። ትንሽ የሚከፈልለት በእቅፍ የሚሄድ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው፤ ከተመዘገቡት ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ የለም። የራሱ ወንበር ያለው ልጅ ዋጋው ወደ ዐዋቂው ይጠጋል። በራሱ ወጪ በርሮ አዲስ አበባ ላይ ሊቀላቀለን የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ አንከለክልም፤ ግን መኪና ሳንዋዋል ያሳውቅ። የመኪናው ወጪ ጣራ 91,000 ብር የሚሆነው 26 ሰው በነፍስ ወከፍ 3,500 ሲያዋጣ ነው። ከዚህ ውስጥ ስምንት ሰው በመጨረሻው ሳምንት ቢወጣ የቀረው ሰው ድርሻ ከ5,000 ብር ያልፋል።

የመኪና ኮሚቴ፦
በመደበኛው አውቶቡስ ብንሄድ ለአንድ ሰው ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ 26 ሰው ከፓርክ ፓርክ በታክሲ ማመላለስ የተረፈውን ይጠርገዋል፤ 14 ልጅ ይዞ ታክሲ ተራ መቆምም አይሞከርም። ስለዚህ ኮስተር በኮንትራት።

ስለ ዋጋው ባለመኪናው “ይህን ያህል” ሲል ዝም ብሎ መስማማት አይገባም፤ የናፍጣውን ድርሻ እኛው አስልተን እንቅረብ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ አዲስ አበባ በጠቅላላው ከ730 ኪ.ሜ. ብዙም አይርቅም። ደርሶ መልሱን 1,470 አድርጉት፤ የከተማ ውስጥ መመላለሻ 130 ስትጨምሩበት 1,600 ኪ.ሜ. ይሆናል። የተጫነ ኮስተር በ100 ኪ.ሜ. ከ15 እስከ 20 ሊትር ቢጠጣ፣ የሚያስፈልገው ከ240 እስከ 320 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዙት። ቀሪው የመኪናው፣ የሾፌሩና የረዳቱ ነው፤ መደራደር የሚቻለውም በዚያ ላይ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁንና እነዚህ ይግቡበት። ናፍጣ በባለመኪናው ነው፤ “ማደያ ስለሌለ በጥቁር ገበያ ገዛሁ” ተብሎ መንገድ ላይ ጭማሪ አይጠየቅም። የሾፌርና የረዳት አበልና አልጋ በዋጋው ውስጥ ነው። ኮንትራት ላይ ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ማታ አልጋ ሲያዝ “የኛስ?” ይባላል። በፓርኩ ቀናት መኪናው ሌላ ሥራ ይዞ አይሄድም። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለቀ መሆኑን ቀብድ ሳይከፈል በዓይናችን እናያለን። ቀብዱ ከመቶ 30 አይበልጥም፤ ከመቶ 40 አዲስ አበባ ስንደርስ፣ የቀረው ጎንደር ስንገባ ይከፈላል። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ ቀብዱ ይመለሳል፤ ባለመኪናው በዚህ ካልተስማማ ሌላ እንፈልጋለን።

አባል (ቀሐ)፦
ስለ መንገዱ ካነሣችሁ አይቀር፣ ሁለተኛ ዕቅድ በረቂቁ ይግባ። ሰው ገንዘቡን ለአምስት ወር አጠራቅሞ “ቀረ” ከተባለ ማኅበሩን ይቀየማል። መንገዱ በጉዞው ሳምንት ካላስተማመነ ጎርጎራ እንሂድ፤ 60 ኪ.ሜ. ከትንሽ በላይ ነው፣ ጣና አለ፣ ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ ልጆቹ ጀልባ ይሳፈራሉ። አንድ ሌሊት አድረን እንመለሳለን፤ የተረፈው ገንዘብ ለክረምቱ ይቀመጣል።

ሰብሳቢ፦
ይግባ። የሚወሰንበት ቀንም ይጻፍ፤ ከመነሻው አምስት ቀን በፊት። ከዚያ በኋላ ከሆነ የአልጋውም የትኬቱም ገንዘብ ወጥቶ ያልቃል።

መምህርት (የልጆች ጉዳይ)፦
ማክሰኞ ንጋት እንነሣ፣ ደብረ ማርቆስ እንደር። ረቡዕ ከሰዓት አዲስ አበባ እንገባለን። ሐሙስና ዓርብ የፓርክ ቀን ይሁን፤ ቅዳሜና እሑድ መመለሻ። ቅዳሜን ለፓርክ ያላደረግሁት ሰልፉ ስለሚረዝም ነው። መጫወቻ ማዕከል ውስጥ በሥራ ቀን አሥር ጊዜ የሚሳፈር ልጅ በሰንበት በዚያው ሰዓት አራትም ላይደርሰው ይችላል።

በቀን ሁለት ትልቅ ነገር ብቻ፤ ከሁለቱም አንዱ ብቻ ዳጎስ ያለ ክፍያ ያለበት ይሁን። አራት ቦታ በአንድ ቀን ብሎ መሮጥ ልጆቹን ያስለቅሳል፤ ያለቀሰ ልጅ ደግሞ በየሱቁ ብስኩትና ጁስ ያስገዛል።

ሐሙስ ጠዋት አንድነት ፓርክ። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻው ጠንከር ይላል። ዐዋቂ ሁሉ መታወቂያ ይያዝ፤ ሻንጣ፣ ቢላዋና ምግብ መኪና ውስጥ ይቅር። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ስጡት። ልጆቹ ሩጠው መሄድ የሚፈልጉት ወደ አንበሶቹ ነው፤ የፋሲል ግቢን ባዶ የአንበሳ ቤት አይተው ላደጉት እኛ ጋ ላሉ ልጆች ባለ ጥቁር ጎፈሩን በሕይወት ማየት ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። እኔ ግን የዙፋን አዳራሹንና እንቁላል ቤቱን እናስቀድም እላለሁ፤ አንበሳ ካዩ በኋላ አዳራሽ የሚያይ ልጅ የለም። ከምሳ በኋላ ወዳጅነት ፓርክ፤ ከዚያው ብዙ አይርቅም፣ ሣሩ ላይ ያርፋሉ፣ ሲመሽ የውኃውን ትርኢት ያያሉ። የሳይንስ ሙዚየሙም በዚያው አካባቢ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያሉት ልጆች ከሁለት ዐዋቂ ጋር እዚያ ቢገቡ ትንንሾቹ እስከዚያው ይተኛሉ።

ዓርብ ጠዋት እንጦጦ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከጎንደር በብዙ ይበርዳል፤ ጃኬትና ካልሲ የግድ ነው፤ ዳገት ላይ የሚሮጥ ልጅም ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በእግር መዘዋወሩ ይበቃናል። በገመድ መንሸራተቱና ፈረሱ ለየብቻው ይከፈልበታል፤ የክብደትና የዕድሜ ገደብም ስላለው አንዱ ወንድም ተፈቅዶለት ሌላው ሲመለስ ጠብ ነው። ስለዚህ ከእቅዱ ይውጣ። ከሰዓት መጫወቻ ማዕከል።

ገንዘብ ያዥ፦
መጫወቻው ላይ እኔም የምለው አለኝ፤ በጀት የሚፈርሰው እዚያ ነው። አብዛኞቹ ቦታዎች በካርድ ወይም በጀቶን ነው የሚሠሩት። ካርድ ላይ የቀረ ብር አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አንድ ካርድ ብቻ ይዞ፣ የመደበውን ግማሽ ይሙላ፤ ሲያልቅ ቀሪውን። ብር ከመሙላታችን በፊት ልጆቹን ይዘን አንድ ዙር እንዞራለን፤ እያንዳንዱ ሦስት ይመርጣል። የቁመት መለኪያውን አስቀድመን እናያለን፤ ከፍሎ ተሰልፎ “አጭር ነህ” የሚባል ልጅ ገንዘቡንም ደስታውንም ያጣል። አሻንጉሊት በመንጠቆ የሚያስለቅመው ማሽን ክልክል ይሁን። ብር ይበላል እንጂ የሚሰጠው ነገር የለም።

አባል (ማራኪ)፦
ምግቡ ላይ ጥያቄ አለኝ። 3,000 ብር ለአራት ሰው ለስድስት ቀን በሰው በቀን 125 ብር ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የት ያደርሳል?

ገንዘብ ያዥ፦
እውነት ነው፤ ስንቅ ከሌለ የትም አያደርስም። ሒሳቡ የተሠራው ትኩስ ምግብ በቀን አንዴ፣ ለሁለት ሰው በአንድ ትሪ ተብሎ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሽሮና በየዓይነቱ ይቀለናል። ሌላው ከቤት ነው። ለ26 ሰው ቆሎ 6 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ 5 ኪሎ፣ በሶ 4 ኪሎ፣ ለመጀመሪያው ቀን ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። እንቁላሉ ማክሰኞ ምሳ ላይ ይለቅ። ድርቆሽ በየቤቱ ይዘጋጅ፤ በበርበሬና በዘይት ማታ ይታሻል። ወጥ አይያዝ፤ ይፈሳል፣ ይበላሻል። ውኃ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፤ በየመንገዱ የፕላስቲክ ውኃ ከመግዛት ብዙ ያድናል።

አልጋው በሌሊት 800 ሆኖ ለአምስት ሌሊት ነው የተሰላው። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ የሚያድር ቤተሰብ የሦስት ሌሊት 2,400 ብር ይተርፈዋል፤ ያንን ለምግቡ ያዙረው። ባዶ እጅ ግን አይገባም፤ አንድ ኪሎ በርበሬ ወይም ቅቤ ከዚሁ ይያዝ። ከዘመድ ቤት የሚመጣውም ጠዋት 2 ሰዓት ከመኪናው ይገኝ። ለአንድ ቤተሰብ ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም።

ነርስ (አራዳ)፦
ስለ ዓባይ በረሃ አንድ ነገር ልበል። ከደጀን ወደ ታች ከ1,000 ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ተወርዶ እንደገና ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ልጅ የሚያስመልሰው እዚያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ማልደን ከተነሣን ሙቀቱ ሳይበረታ እናልፋለን። ከመውረዳችን በፊት ወተትና ቅባት ያለው ምግብ አይሰጥ፤ ደረቅ ዳቦና ትንሽ ውኃ ይበቃል። የሚያስመልሳቸው ልጆች ፊት ለፊት፣ አሻግረው መንገዱን እያዩ ይቀመጡ፤ ስልክ አይያዙ። ጆሯቸው ሲደፈን ቆሎ ይቆርጥሙ፤ ማኘኩና መዋጡ ይከፍተዋል። 20 ፌስታል፣ የእጅ ሳሙና፣ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር 10 ከረጢት እኔ አዘጋጃለሁ። በመድኃኒት ማስተኛት አይታሰብ።

ለጠፋ ልጅም እንዘጋጅ። የወላጁ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ይግባ፤ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ለማንም አይታይ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ሻርፕ ያድርግ። መኪና ውስጥ በተገባ ቁጥር ቆጠራ ይደረግ፤ ቆጣሪውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ሲቆጥር አንዱ በሌላው ይተማመናል።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ስምምነት ያለበትን አስገብቻለሁ፦ ኮስተር በኮንትራት፣ ማክሰኞ መነሻ፣ አምስት ሌሊት፣ በጀቱ በነበረው ጣራ፣ ካልተቻለ ጎርጎራ። የፓርኮቹ የመግቢያ ዋጋና የሚዘጉበት ቀን በስልክ ተጣርቶ በጉዞው ሳምንት ይለጠፋል፤ ይህን መምህርት ወስደዋል። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እናወጣለን። ቅናሽ ባይገኝበትም የቡድን መግቢያ ለመጠየቅና በኬላ ለመታየት ይረዳል።

ያልተቋጨ አንድ ነገር አለ። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉት አባላችን ሳምንታዊውን መዋጮ በሙሉ አይችሉትም።

ሰብሳቢ፦
የሁለቱ ልጆች መኪና 7,000 ብር ከማኅበሩ ካዝና ይሸፈን ብለን እናቅርብ። ስማቸው በረቂቁ አይጻፍ፤ “ለሁለት መቀመጫ ድጎማ” ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ፤ ካዝናው ይችለዋል።

አባል (አዘዞ)፦
አንድ ቀረች። ኮስተሩ ውስጥ መተላለፊያው ላይ ያሉት ታጣፊ ወንበሮች ናቸው። መደገፊያቸው አጭር ስለሆነ 730 ኪ.ሜ. ልጅ አይቀመጥባቸውም። ማን ነው የሚቀመጥባቸው?

የመኪና ኮሚቴ፦
ዐዋቂ፣ በየሁለት ሰዓቱ እየተቀያየረ። ሦስት ወንበር ብቻ ነው የሚያስፈልገን። ዝርዝሩን ከነተራው አዘጋጃለሁ፤ ሰብሳቢውም ከተራው አይወጡም።

ሰብሳቢ፦
ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ ያለውን ለኔ ጻፈው።