ማሞግራም «ምንም የለም» ሲል ለሁሉም ጡት እኩል ይታመናል?

ጥያቄ
የማሞግራም (የጡት ራጅ) ውጤት ላይ «አጠራጣሪ ነገር አልታየም፤ ጥግግት፦ ሲ» ተብሎ ይጻፋል። ጥግግቱ ምን ለማለት ነው? የጡት መጠንስ ምርመራውን ያሳስታል? ሲሊኮን ያስገባችስ?

መልስ 1
በራጅ ስብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ወተት አመንጪውና ደጋፊው ሥጋ ነጭ ነው። ችግሩ ዕጢውም ነጭ መሆኑ ነው፤ ጥቁር ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ነጭ ላይ ይሰወራል። ደረጃው አራት ነው፦ ኤ ከሞላ ጎደል ስብ፣ ቢ እዚህም እዚያም ነጭ ያለበት፣ ሲ አብዛኛው ጥቅጥቅ ያለ፣ ዲ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሲ ወይም ዲ ውስጥ ስለሚወድቁ ሲ በሽታ አይደለም። ጥግግቱ ከማረጥ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ የሆርሞን ሕክምና ደግሞ ይጨምረዋል።

በእጅ ዳስሶ ጥግግትን መለየት አይቻልም። ጠጠር ያለ ጡት ስብ ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳውም ዲ።

መልስ 2
ስለ መጠን፦ ከመጠኑ ይልቅ አቀማመጡ ነው የሚያሳስተው። ትንሽ ጡት ጡቱን በሚጨምቀው ጠፍጣፋ መጫኛ ሥር አልያዝ ሲል ደረት አጠገብ ያለው ክፍል ከምስሉ ይቀራል። ትልቅ ጡት ምስሉን ከሚቀበለው 24 በ30 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ሲተርፍ በክፍል በክፍል ይነሳል፤ ክፍሎቹ ካልተደራረቡ መሃል ላይ ያልታየ ቦታ ይኖራል። በደንብ ካልተጫነ ደግሞ ጨረሩ ይበተናል፣ ምስሉም ይደበዝዛል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሰያፍ በሚነሳው ምስል የደረት ጡንቻው እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ መውረድ አለበት። ከጫፉ ወደ ኋላ ያለው ርዝመት በሰያፉና ከላይ በሚነሳው ምስል መካከል ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተለያየ ከምስሉ የቀረ ሥጋ አለ ማለት ነው። ክንዷ የማይነሳ፣ ጀርባዋ የጎበጠ ወይም ከተሽከርካሪ ወንበር መነሳት የማትችል ሴት ላይ በብብት በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ቀጠሮ ሲያዝ ይነገር፤ ሰዓት ይጨመርላታል። ዲዮድራንትም አይቀባ፤ አሉሚኒየሙ አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆነውን የካልሲየም ነጠብጣብ መስሎ ይታያል።

መልስ 3
ሲሊኮን ያላት ከ4 ምስል ይልቅ 8 ትነሳለች፦ 4ቱ ከነሲሊኮኑ በቀስታ ተጭኖ፣ 4ቱ ሲሊኮኑ ወደ ደረት ተገፍቶ የፊቱ ሥጋ ብቻ ተስቦ። ከጡንቻ በላይ የተቀመጠው ከጡንቻ ሥር ካለው የበለጠ ይሸፍናል። ዙሪያው ጠባሳ አስሮ ከደነደነ ግን አይገፋም።

ጠያቂ
ታዲያ ሲ ወይም ዲ የሆነች ማሞግራሙን ትታ በቀጥታ አልትራሳውንድ ብትነሳስ?

መልስ 1
አትተወው! ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣብ በጥቅጥቅ ጡት ላይም በማሞግራም ይታያል፤ አልትራሳውንድ ግን አብዛኛውን ያልፈዋል። ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም። ከተለያየ አንግል የሚያነሳው ባለ ሦስት አውታር ማሞግራም የሥጋውን መደራረብ ይቀንሳል፤ ዲ ላይ ግን ብቻውን አይበቃም። ለዲ የተሻለው ተጨማሪ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ነው፦ በ2019 የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት ኤምአርአይ ሲጨመር በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚገኘው ካንሰር ከ1000 ምርመራ ከ5 ወደ 2.5 ዝቅ እንዳለ አሳይቷል። በመጀመሪያው ዙር ግን ከ1000 ምርመራ 80 ያህሉ ካንሰር ሳይኖር ለተጨማሪ ምርመራ ዳርገዋል፤ ይህን አስቀድማ ትወቅ።

እጢ በእጅ ከተዳሰሰ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ማሞግራሙ ንጹሕ ቢሆንም ያ ቦታ በአልትራሳውንድ ይታያል።